ራጁን ወደ መስኮት ያዙት፦ የአርትራይተስ ዓይነቶችን በፊልም ላይ ለመለየት

ጅማ ውስጥ ራጅ በፌስታል ነው የሚመጣው። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ፣ ከዳውሮ የተነሳ ሰው ፊልሙን ጠቅልሎ ሚኒባስ ውስጥ እግሩ ሥር ያስቀምጠዋል። እኛ ጋ ሲዘረጋ ጠርዙ ታጥፏል፣ መሐሉ ላይ ጭረት አለ። አንዳንዴ ጭረቱ ልክ አጥንቱ ላይ ያርፍና ስብራት ይመስላል። ይህን የምጽፈው ያን ፊልም ተቀብሎ ወደ መስኮት ለሚያነሳው ሰው ነው፤ ለኢንተርኑ፣ ለጤና መኮንኑ፣ ራዲዮሎጂስት አጠገቡ ለሌለው ጠቅላላ ሐኪም። ታካሚ ሆናችሁ ብታነቡትም አይከፋም። ግን ራሳችሁን አትመርምሩበት።

አርትራይተስ ማለት የመገጣጠሚያ በሽታ ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። እኛ አገር ቁርጥማት የሚባለው አንድ ቃል ስንት በሽታ ተሸክሟል! «ሪህ ነው» ይባልና በቃ፣ ነገሩ ያልቃል። መድኃኒቱ ግን አንድ አይደለም። የሪህ መድኃኒት ላረጀ ጉልበት አይሠራም። ቲቢ የያዘውን ጉልበት ደግሞ እንደ ተራ ቁርጥማት ቆጥሮ ስቴሮይድ መውጋት ትልቅ ጥፋት ነው።

ስለዚህ የበሽታውን ስም ከመጥራታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ መልሱ። የተጎዱት የትኞቹ መገጣጠሚያዎች ናቸው? አጥንቱስ እየተበላ ነው ወይስ እየተጨመረ? ሌላው ሁሉ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

1. ትክክለኛው ፊልም መሆኑን አረጋግጡ

ስም፣ ዕድሜ፣ ቀን፣ ቀኝና ግራ። ይህን የሚዘለው ሰው አንድ ቀን የሌላ ሰው ጉልበት አንብቦ ይሸኛል።

እጅ ከሆነ ሁለቱንም እጅ አንድ ላይ አስነሱ። የታመመው አንዱ ብቻ ቢሆንም ሌላው ማነጻጸሪያ ይሆናል። ሩማቶይድ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣውን አርትራይተስ) ከጠረጠራችሁ እግርንም ጨምሩ። ለዳሌ አጥንት መገጣጠሚያ ከፊት የተነሳ የዳሌ ፊልም ለመጀመሪያ ይበቃል። ጉልበት ደግሞ ታካሚው ቆሞ መነሳት አለበት። ይቺን በራሴ ስህተት ነው የተማርኳት።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት ጉልበታቸውን ይዘው መጡ። ፊልሙን አየሁት፤ ክፍተቱ ደህና ነው። «እማማ፣ አጥንትዎ ደህና ነው፤ ምንም የለብዎትም» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ታዲያ ልጄ፣ የጅሬንን ዳገት ስወጣ የሚያስጮኸኝ ማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሲኒየሬ ፊልሙን ተቀብሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ «ተኝተው ነው ወይስ ቆመው የተነሱት?» ተኝተው ነበር። አቁሞ አስነሳቸው። በውስጠኛው ጎን ክፍተት የሚባል ነገር የለም፤ አጥንት በአጥንት ላይ ተቀምጧል። ጉልበት ሸክሙን ሲያወርድ ይዋሻል። ከዚያ ወዲህ የጥያቄ ወረቀቱ ላይ «ቆሞ፣ ሁለቱም ጉልበት» ብዬ እጽፋለሁ። እናንተም ጻፉ። የራጅ ባለሙያው የሚያነሳው እናንተ የጠየቃችሁትን ነው።

2. ቦታውን ቁጠሩ

ለመለማመድ ከእጅ የተሻለ ፊልም የለም። ነገሩ ከጥንትም እንዲሁ ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 የራጅን ጨረር ባገኘ በሳምንታት ውስጥ ያነሳው ዝነኛ ምስል የሚስቱ እጅ ነው፣ ቀለበቷ ሳይቀር።

እጅን እንደ ረድፍ ቁጠሩት። ጥፍሩ ሥር ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ዲአይፒ ነው። መካከለኛው ፒአይፒ፣ ጣት ከመዳፍ ጋር የሚገናኝበት ደግሞ ኤምሲፒ። ከዚያ የእጅ አንጓ ይመጣል።

ኦስቲዮአርትራይተስ፣ ማለትም በዕድሜና በሸክም የሚመጣው፣ የጥፍር ሥሩን ረድፍ፣ መካከለኛውንና የአውራ ጣትን ሥር ይወዳል። ሩማቶይድ አርትራይተስ በተቃራኒው ከመዳፍ በኩል ነው የሚጀምረው፤ ኤምሲፒ፣ ፒአይፒና የእጅ አንጓ። የጥፍር ሥሩን ብዙውን ጊዜ አይነካም። ሁለቱንም እጅ በተመሳሳይ መልክ ይይዛል።

ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ የሚያመጣው አርትራይተስ ሌላ ጸባይ አለው። ሩማቶይድ በወርድ ሲሄድ ሶሪያሲስ በቁመት ይሄዳል። አንዱን ጣት ከሥር እስከ ጫፍ ይዞ ጎረቤቱን ሊተወው ይችላል። ጣቱ ሙሉውን ስለሚያብጥ ፊልሙ ላይ እንኳ ጥላው ወፍራም ሆኖ ይታያል። የጥፍር ሥሩንም ይነካል። እዚህ ላይ ፊልሙን አስቀምጣችሁ የታካሚውን ጥፍር፣ ክርኑንና የራስ ቆዳውን ተመልከቱ። ጥፍሩ በመርፌ ጫፍ እንደተወጋጋ ነጠብጣብ ጉድጓድ ካለው መልሱ ግማሽ ተገኘ ማለት ነው።

እውነተኛው ሪህ፣ ጋውት የሚባለው፣ የእግር አውራ ጣት ሥር ላይ ቤቱን ይሠራል። እግርን ካላስነሳችሁ አታገኙትም።

3. ክፍተቱን ለኩ፤ በዓይን ይበቃል

በሁለት አጥንት መካከል ጥቁር ሆኖ የሚታየው ቦታ ባዶ አይደለም። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ራጅ ላይ አይታይም፤ ያ ጥቁር ቦታ የእሱ መኖሪያ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ልም አጥንቱ አልቋል።

ጥያቄው ግን ጠቧል ወይ ብቻ አይደለም፤ እኩል ነው ወይ የጠበበው? ኦስቲዮአርትራይተስ በአንድ ጎኑ እንደተበላ የባጃጅ ጎማ ነው። ጉልበት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የውስጡ ጎን ይጠብና የውጩ ይተርፋል። ጭን ላይ፣ አጥንቱ ከዳሌ ጋር በሚገናኝበት፣ የላይኛው ክፍል ይጠባል። ሩማቶይድ ግን ጎማው እንደተነፈሰ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይወርዳል። ጉልበት ላይ የውስጡም የውጩም ጎን አብረው ይጠባሉ።

ሪህ ደግሞ ክፍተቱን ለረጅም ጊዜ አይነካም። አጠገቡ አጥንት ተቦርቡሮ ክፍተቱ ግን ደህና ከሆነ ሪህን አስቡ።

4. ተበላ ወይስ ተጨመረ?

ይህ ክፍል ላይ ጊዜ ውሰዱ። ፊልሙን ወደ ዓይናችሁ አስጠጉና የእያንዳንዱን አጥንት ጠርዝ በእርሳስ እንደምትስሉ ሁሉ በዓይናችሁ ተከተሉ። መስመሩ የሚቋረጥበትን ቦታ ፈልጉ።

ኦስቲዮአርትራይተስ ጨማሪ ነው። ካስማ ደጋግሞ ሲመታ ራሱ ወደ ጎን እንደሚዘረጋ፣ አጥንቱም ጠርዙ ላይ ይዘረጋል። ሰው ትርፍ አጥንት የሚለው ይህንን ነው፤ በሕክምናው ኦስቲዮፋይት ይባላል። ክፍተቱ በጠበበበት ቦታ ሥር አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይጠነክራል። አንዳንዴም እዚያው ክብ ጥቁር ከረጢት ይታያል። ጠባብ ክፍተት፣ ትርፍ አጥንት፣ ነጭ ጥንካሬ፣ ከረጢት፤ አራቱ አብረው ከመጡ ክርክር የለም።

ደረጃውን ለመጻፍ ኬልግረንና ሎውረንስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጡት ከ0 እስከ 4 ያለው መለኪያ አሁንም ይሠራል። 0 ምንም የለም ነው። 1 አጠራጣሪ ነው። 2 ላይ ትርፍ አጥንቱ በግልጽ ይታያል። 3 ላይ ክፍተቱ በግልጽ ጠቧል። 4 ላይ ክፍተቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፣ አጥንቱም ቅርጹን ለውጧል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ደረጃውና ሕመሙ ሁልጊዜ አይገጥሙም። 4 ሆኖ ገበያ በእግሩ የሚሄድ አለ፤ 2 ሆኖ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው አለ። የምታክሙት ሰውየውን ነው።

ሩማቶይድ በላተኛ ነው። ነቀዝ የገባበትን በቆሎ አይታችኋል? ልክ እንደዚያ ነው የሚበላው፤ ግን ከጠርዝ ይጀምራል። ልም አጥንት የማይሸፍናት ጠባብ የአጥንት ዳር አለች፤ የተቆጣው የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። አዲስ አጥንት አይሠራም። ሦስት ቦታ ደጋግማችሁ እዩ። የአመልካችና የመካከለኛ ጣት ሥር (ኤምሲፒ)። ከእጅ አንጓ በላይ በትንሿ ጣት በኩል ያለችው የአጥንት ሹል። ሦስተኛው የእግር ትንሿ ጣት ሥር ነው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ይበላል። እጁ ንጹህ ሆኖ እግሩ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ታካሚው ግን ስለ እግሩ አያነሳም፤ ጫማ ጠበበኝ ነው የሚለው።

ሶሪያሲስ ሁለቱንም ያደርጋል። ይበላል፣ ከተበላው አጠገብ ደግሞ ጥጥ የመሰለ ደብዛዛ አዲስ አጥንት ይጨምራል። ሲብስ አንዱ አጥንት ሾሎ ሌላው ጎድጉዶ፣ ሙቀጫ ውስጥ የገባ ዘነዘና ይመስላል። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም።

ሪህ ነካሽ ነው። ንክሻው ከመገጣጠሚያው ትንሽ ራቅ ይላል፣ ጠርዙ ጥርት ብሎ ነጭ መስመር አለው፣ ከላይ ደግሞ አጥንቱ እንደ ጣሪያ ክዳን ወጣ ብሎ ይንጠለጠላል። አይጥ የነከሰው ዳቦ በሉት። አጠገቡ የጠጠር ጥላ የመሰለ እብጠት ካለ ቶፋይ የሚባለው የዩሪክ አሲድ ክምችት ነው። ይህ ሁሉ ግን ዓመታት ይፈልጋል። ትናንት ሌሊት አውራ ጣቱ ተቃጥሎ የመጣ ሰው ፊልሙ ንጹህ ቢሆን አትገረሙ፣ ሪህ አይደለም ብላችሁም አታሰናብቱ።

5. የአጥንቱን ንጣት እዩ

ሩማቶይድ ሲጀምር በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለው አጥንት ይሳሳል፤ ከመሐሉ ጋር ሲነጻጸር ጠቆር ይላል። ኦስቲዮአርትራይተስ፣ ሪህና ሶሪያሲስ ንጣቱን ብዙም አይነኩም። ወጥመድ አለው ግን። ፊልሙ ከመጠን በላይ ከተቃጠለ ሁሉም አጥንት የሳሳ ይመስላል። ስለዚህ የመገጣጠሚያውን ዳር ከዚያው አጥንት መሐል ጋር እንጂ ትናንት ካያችሁት ሰው ፊልም ጋር አታነጻጽሩ።

6. ከአጥንቱ ውጭ ያለውን

ብዙዎቻችን ነጩን ብቻ ነው የምናየው። ግራጫውም ይናገራል። ከጎን በተነሳ ጉልበት ላይ ከሎሚው፣ ማለትም ከጉልበት ቆብ፣ በላይ ያበጠ ግራጫ ከረጢት ካለ ውስጡ ፈሳሽ አለ። ክፍተቱ መሐል ስስ ነጭ መስመር ካያችሁ ደግሞ ልም አጥንቱ ውስጥ ካልሲየም ተቀምጧል። ይህ በአረጋውያን ጉልበትና በእጅ አንጓ የትንሿ ጣት ጎን ይታያል። በሽታው ሲነሳ ሪህ ስለሚመስል የሐሰት ሪህ ይሉታል።

7. አሰላለፉ

ጣቶቹ ወደ ትንሿ ጣት ጎን ዘመም ብለዋል? መጋጠሚያው ተንሸራቷል? ሩማቶይድ ሲቆይ እንዲህ ያደርጋል። የቆየ ሩማቶይድ ያለበት ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲዘጋጅ አንገቱን ጎንበስ አድርጎ ከጎን ራጅ ማስነሳት ጥሩ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው የአንገት አጥንት መካከል ያለው ክፍተት አዋቂ ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ሰመመን ሰጪው ቱቦ ከማስገባቱ በፊት ማወቅ አለበት።

ጀርባና ዳሌ

ዕድሜው ከ45 በታች ነው፣ ጀርባውን ከ3 ወር በላይ አሞታል፣ ጠዋት ተገትሮ ይነሳል፣ ሲንቀሳቀስ ይሻለዋል። እንዲህ ካለ የወገብ ብቻ ሳይሆን የዳሌ ፊልም እዘዙ። አከርካሪው ሥር በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት መገጣጠሚያዎች እዩ፣ በተለይ የታችኛውን ክፍል። ጠርዛቸው ከተሸረፈ፣ ክፍተታቸው ከሰፋ፣ ዙሪያቸው ከነጣ፣ ወይም ጨርሶ ከተዘጋ፣ በሁለቱም በኩል ከሆነ አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስ የሚባለውን የአከርካሪ አርትራይተስ ነው የምታስቡት። ሲቆይ አከርካሪው ይያያዝና ከካፋ ጫካ የተቆረጠ ቀርከሃ ይመስላል፣ ከነአንጓው።

በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ግን ቆም በሉ። ቲቢ ይሆን? ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴላ ይሆን? ጥሬ ወተት ይጠጣሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከብት የሚያረባ ሰው ጥያቄውን ከቁም ነገር ላይቆጥረው ይችላል፤ እናንተ ግን ቁጠሩት።

አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ሲሆን

እዚህ ላይ ቀስ ብሎ ማንበብ አያዋጣም። አንድ ጉልበት በድንገት አብጦ፣ ግሎ፣ ከትኩሳት ጋር ከመጣ መግል ነው ብላችሁ ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራጅ ንጹህ ሊሆን ይችላል። ንጹህ ነው ብላችሁ ቀጠሮ ለሳምንት ከሰጣችሁ ልም አጥንቱ እስከዚያ ሊያልቅ ይችላል። ፈሳሹን በመርፌ ቀድታችሁ ላኩ፤ ከተቻለ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት። ሕፃን ልጅ እግሩን አላስነካ ካለና ካልረገጠ ዳሌውን ከሌላው ጎን ጋር አነጻጽሩ፣ ራጁንም ሳትጠብቁ ከፍ ወዳለ ሆስፒታል ደውሉ።

ቲቢ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አይቸኩልም። ወራት ያስቆጠረ አንድ ያበጠ ጉልበት ወይም ዳሌ፣ ሕመሙ መጠነኛ፣ ጡንቻው ግን የከሳ። ፊልሙ ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ። በመገጣጠሚያው ዙሪያ የሳሳ አጥንት፣ ጠርዙ ላይ የተበላ ቦታ፣ ክፍተቱ ግን ገና ብዙም ያልጠበበ። ፌሚስተር በተባለ ሐኪም ስም የሚጠራ ሦስትዮሽ ነው። ሩማቶይድ ይመስላል፤ ልዩነቱ አንድ መገጣጠሚያ መሆኑ ነው። በእኛ አካባቢ አንድ መገጣጠሚያ ሩማቶይድ መስሎ ከታየ ቲቢ እስኪወገድ ድረስ ሩማቶይድ አትበሉት። የደረት ራጅ አስነሱ፤ ደረቱ ንጹህ መሆኑ ግን የአጥንት ቲቢን አያስወግድም። መልሱ ከፈሳሹ ወይም ከናሙናው ነው የሚመጣው።

ሌላም አለ። ስኳር በሽታ የቆየበት ሰው እግሩ አብጦ፣ አጥንቱ ተፈረካክሶ፣ ከቦታው ወጥቶ፣ እሱ ግን ብዙም አያመኝም ቢላችሁ ነርቩ የሞተበት መገጣጠሚያ ነው። ሻርኮ ይባላል። እንዲህ የተበላሸ ፊልም አይታችሁ እየተራመደ የገባውን ሰው ስታዩ ፊልሙ የሌላ ሰው ይመስላችኋል። ለዚህ ነው ስሙን መጀመሪያ ያስነበብኳችሁ።

ስትጽፉ

«አርትራይተስ አለው» አትጻፉ። ያየ ሰው ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። እንዲህ ጻፉ፦ «ሁለቱም እጅ። ከ2ኛ እስከ 4ኛ ኤምሲፒና የእጅ አንጓ ክፍተት እኩል ጠቧል። ጠርዝ ላይ የተበላ አጥንት አለ። ዙሪያው ሳስቷል። ዲአይፒ ደህና ነው። ሩማቶይድን ይመስላል፤ ከደም ምርመራ ጋር ይታይ።» ያያችሁትን አስቀድሙ፣ የገመታችሁትን ከኋላ አድርጉ። ግምታችሁ ቢሳሳት እንኳ ቀጥሎ የሚያነበው ሰው ካያችሁት ተነስቶ ያስተካክለዋል።

ሁለት ስም በአንድ ፊልም ላይ መጻፍ ነውር አይደለም። የ20 ዓመት ሩማቶይድ ያለበት ጉልበት ኋላ ላይ ትርፍ አጥንትም ያበቅላል።

ለሚበልጣችሁ ስትልኩ

ሁላችንም በቴሌግራም እንልካለን፤ መካድ የለም። እንግዲያውስ በደንብ ላኩ። ፊልሙን ለመስኮቱ ቅርብ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት በኩል ይሁን። ከኋላው ነጭ ወረቀት ብታደርጉ የግቢው ዛፍ በአጥንቱ ውስጥ አይታይም። የስልኩን ፍላሽ አጥፉ። አንድ ጊዜ ሙሉውን፣ አንድ ጊዜ የተጠራጠራችሁበትን ቦታ አስጠግታችሁ አንሱ። እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ ፎቶ ሲሆን ይጨመቅና ስሱ ጠርዝ ይጠፋል። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ስንት መገጣጠሚያ እንደያዘው በአንድ መስመር ጻፉ። ስሙና የካርድ ቁጥሩ ያለበትን ጥግ ደግሞ በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑ።